ሚያዝያ 27 ቀን በስንክሳርና በታሪክ



በሚያዝያ ወር መጨረሻ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ የመሥሪያ ቤታችን በር ይዘጋል። ሚያዝያ 23 ቀን የሠራተኞች በዓል ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ የአርበኞች የድል በዓል ነው። በነዚህ ቀኖች መዝገብ ቤቱ ይቆለፋል፤ ማኅተሙ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ባለጉዳዩም በማግሥቱ እንዲመለስ ይነገረዋል። ዕረፍቱን ሁላችንም በደስታ እንቀበለዋለን። ዳሩ ግን በዓሉ ስለ ምን በዚህ ቀን ሆነ፣ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ስለ ምን አልዋለም ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔም ለብዙ ዓመት ሳልጠይቅ ኖሬአለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ የዚህን የሚያዝያ 27 ቀን ታሪክ ነው፤ ነገሩንም የምጀምረው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከጎጃም ደጋ፣ ከዲማ ጊዮርጊስ ነው።

ዲማ በቢቸና አገር የሚገኝ የታወቀ የትምህርት ደብር ነው። የቅኔና የመጻሕፍት ተማሪ ከየአገሩ አኩፋዳውን አንግቶ ሲጎርፍበት የኖረ ስፍራ ስለ ሆነ ስሙ በሊቃውንት ዘንድ የከበረ ነው። ከተማ ተወልደን ከተማ ያደግነው ብዙዎቻችን ግን ዲማን ያወቅነው በ1958 ዓ.ም. በታተመው በፍቅር እስከ መቃብር ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት፣ የሰብለ ወንጌል መስኮት፣ የበዛብህ መከራ፣ ይህ ሁሉ ከዲማ ስም ጋራ ተያይዞ በልባችን ታትሞ ቀርቷል። የመጽሐፉ ደራሲ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዚሁ በዲማ የተማሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን ወደ ፊት ደግመን ስለምናነሣው በዚህ እንለፈው።

በዲማ፣ እንደ ሌላውም ደብር ሁሉ፣ ስንክሳር የሚባለው መጽሐፍ ይነበባል። ስንክሳር የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ከጉባኤ፣ ከመሰብሰብ ጋራ የተያያዘ ነው። መጽሐፉ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ የአገራችንም ቅዱሳን ታሪክ እየተጨመረበት የተስፋፋ ነው። ብዙውን ጊዜ በሁለት ጥራዝ ይጻፋል፤ አንደኛው ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ሁለተኛው ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን ያለውን ይይዛል። የአደራረሱን ጠባይ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ታሪክ ጸሐፊ የሚጠይቀው «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ ነው፤ ስንክሳር ግን የሚጠይቀው «በየትኛው ቀን?» ብሎ ነው። በአንድ ቀን ሥር በሮማ ዘመን የሞተው ሰማዕት፣ በግብፅ በረሃ ያረፈው መነኩሴና በኢትዮጵያ የነገሠው ንጉሥ ጐን ለጐን ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ያለው አምስት መቶ ወይም ሺህ ዓመት ጨርሶ አይታሰብም። የሁሉም ታሪክ ከተነበበ በኋላ ዐርኬ የሚባለው የሰላምታ ግጥም ይከተላል። ዛሬ ጋዜጦችና ራዲዮኖች «ታሪክ በዛሬው ቀን» እያሉ የሚያቀርቡልን ዝግጅት አዲስ መስሎ ይታየን እንደ ሆነ፣ በዲማ ያለ ዲያቆን ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ ሲያነበው የኖረ ነገር መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

የገጠሩም ሕዝብ ቀኑን የሚቈጥረው በዚሁ መንገድ ነው። ብድር የተበደረ ሰው «ለሚካኤል እከፍላለሁ» ቢል በ12ኛው ቀን ማለቱ ነው፤ «ለጊዮርጊስ እንገናኝ» ቢል በ23ኛው ነው፤ «ለመድኃኔ ዓለም» ቢል በ27ኛው ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በደብዳቤ ራስጌ የምንጽፈው ቍጥር ለዚያ ሰው ስም አለው ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ሚያዝያ 27 እንምጣ። ወር በገባ በ27ኛው ቀን የሚታሰበው መድኃኔ ዓለም መሆኑ የታወቀ ነው። በሚያዝያ 27 ግን ስንክሳሩ በተለይ የሚያነሣው ሰማዕቱን ፊቅጦርን፣ የኅርማኖስን ልጅ ነው። ፊቅጦር የሚለው ስም ላቲኖች ቪክቶር የሚሉት ነው፤ ትርጓሜውም ድል አድራጊ ማለት ነው። የድል በዓላችን በድል አድራጊ ስም በተጠራ ሰማዕት ዕለት መዋሉን ማንም ሰው አስቦበት ያደረገው አይመስለኝም። የሆነ ሆኖ እንዲህ ሆኗል። የኢትዮጵያ ታሪክ በዚህ ቀን ላይ የጻፈው የመጀመሪያው ነገር ግን ድል አልነበረም።

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከማይጨው ጦርነት በኋላ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከተማይቱ ያለ ጠባቂ ቀረች፤ ዘረፋና ቃጠሎ ሆነ፤ ሱቆች ተሰበሩ፤ ብዙ ሰው ሞተ። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ማርሻል ፒዬትሮ ባዶሊዮ በአውቶሞቢልና በካሚዮን የተጫነ ሠራዊቱን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዕለት ማታ ሙሶሊኒ ሮማ ላይ ከሰገነቱ ወጥቶ፣ ጦርነቱ አበቃ፣ ኢትዮጵያ የኢጣልያ ሆነች ብሎ ለሕዝቡ ዐወጀ። ከአራት ቀን በኋላም፣ ግንቦት 1 ቀን፣ ለንጉሡ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የሚል ማዕረግ ጨመረለት።

ስለዚህ ለአምስት ዓመት ያህል ሚያዝያ 27 የወራሪው የድል ቀን ነበር። ዛሬ ባንዲራ የምንሰቅልበትን ቀን ባዶሊዮ ቀድሞ የራሱ አድርጎት እንደ ነበረ ብዙዎቻችን ዘንግተነዋል።

ሁለተኛው ታሪክ ከሱዳን ድንበር ይጀምራል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገብተው ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። ቀኑ የቃና ዘገሊላ ዕለት ነበር፤ የጥምቀት ማግሥት ማለት ነው። ከዚያም በበላያ ተራራ አድርገው የጎጃምን ቈላ ወጥተው ወደ ደጋው ዘለቁ። በኮሎኔል ዊንጌት የሚታዘዘው ጌዴዎን የተባለው ትንሽ ጦርና የጎጃም አርበኞች የኢጣልያን ምሽጎች አንድ በአንድ እያስለቀቁ፣ በቡሬና በደምበጫ አልፈው ወደ ደብረ ማርቆስ ገፉ። በቢቸናና በዲማ አካባቢ በላይ ዘለቀ ዐምስቱን የጠላት ዘመን በአርበኝነት ተዋግተው ስላሳለፉ፣ የኢጣልያ ሥልጣን በምሥራቅ ጎጃም ከምሽጉ ግንብ ብዙም ሳይርቅ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነበር።

መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. እሑድ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ለአምስት ዓመት ከኢጣልያ ጋራ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ለንጉሠ ነገሥቱ እጅ ነሡ። አሁን ከሁሉ የሚያስገርመውን ነገር ተመልከቱ። በዚያው ዕለት፣ በዚያው እሑድ፣ በጄኔራል ከኒንግሃም የሚታዘዘው የእንግሊዝ ጦር ከኬንያና ከሶማሌ በኩል መጥቶ አዲስ አበባ ገባ። የአገሪቱ ዋና ከተማ በአንድ በኩል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ በሌላ በኩል፣ በአንድ ቀን ከጠላት እጅ ወጡ፤ ግን እርስ በርሳቸው አልተገናኙም። በመካከላቸው ዐባይ ነበረ፤ ከዐባይም ይልቅ የባሰው የእንግሊዞች ፈቃድ ነበረ።

ቀኑን ከቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር አንጻር ስናየው ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። መጋቢት 27 ጥንተ ስቅለት፣ መጋቢት 29 ጥንተ ትንሣኤ ነው። በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ከሚለው ፋሲካ በተለየ እነዚህ ሁለቱ ከቀናቸው አይናወጡም። መጋቢት 28 በሁለቱ መካከል ያለች ቀን ናት። ይህን የምጠቅሰው ትርጉም ልሰጠው ፈልጌ አይደለም፤ በደብረ ማርቆስ ያሉ ካህናት ያን ዕለት ንጉሣቸውን ሲቀበሉ ይህን ሳያስቡት ቀርተዋል ብዬ ግን አላምንም።

ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ማርቆስ ወደ ዋና ከተማቸው ለመሄድ ቢፈልጉም አልተለቀቁም። ጄኔራል ከኒንግሃም የሰጠው ምክንያት፣ በአዲስ አበባ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የኢጣልያ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሲቪሎች ስላሉ የንጉሠ ነገሥቱ መግባት ሕዝቡን ለበቀል ያነሣሣዋል የሚል ነበር። ምክንያቱ ፈጽሞ ውሸት ነበር ለማለት አይቻልም። በሌላ በኩል ግን እንግሊዞች በያዙት ከተማ የራሳቸውን አስተዳደር እያቋቋሙ ስለ ነበረ፣ ንጉሠ ነገሥቱና ባለሟሎቻቸው ነገሩን በጥርጣሬ ቢመለከቱት የሚያስፈርድባቸው አይደለም። አንድ ቅኝ ገዥ ወጥቶ ሌላ እንዳይተካ መፍራት በዚያን ጊዜ የሞኝ ፍርሃት አልነበረም። የኢትዮጵያን ነጻነት የሚያውቀው ውል በሁለቱ መንግሥታት መካከል የተፈረመው ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም ቢሆን ብዙ ነገር ለእንግሊዝ እጅ የተወ ውል ነበር።

እንዲህ ሆኖ የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ሲውል ንጉሠ ነገሥቱ ገና ደብረ ማርቆስ ነበሩ። ከፋሲካ በኋላ ፈቃድ ተገኘና ጕዞ ተጀመረ። እንጦጦን አልፈው አዲስ አበባ የገቡት ሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ዊንጌት በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ከፊት ይሄድ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በአውቶሞቢል ነበሩ። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ መግባት ሃያ ዘጠኝ ቀን መሆኑ ነው፤ ባዶሊዮ ከገባ ደግሞ ልክ አምስት ዓመት፤ አንድ ቀን አልጐደለም፣ አንድ ቀን አልተረፈም።

ይህ የሆነው እንዲያው በአጋጣሚ ነውን? አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ይላሉ። እኔ ግን ይህን ለመቀበል ይቸግረኛል። ንጉሠ ነገሥቱ የቀንን ነገር ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ሚያዝያ 27 በስደት በኖሩበት አምስት ዓመት ሁሉ እየተመላለሰ ያገኛቸው ቀን ነው። ፈቃዱ ዘግይቶ ቢገኝም እንኳ፣ ከተማይቱ ደጃፍ የሚደረስበትን ዕለት ማፍጠንም ማዘግየትም የሚቻል ነገር ነበር። ባዶሊዮ የወሰደውን ቀን ማስመለስ የባዶሊዮን ከተማ ከማስመለስ ጋራ አንድ ሥራ ሆኖ የታያቸው ይመስለኛል። በዚያ ዕለት ለሕዝቡ ያደረጉትም ንግግር ይህን ያጠናክርልኛል፤ ቀኑ ለኢትዮጵያ አዲስ ዘመን የሚከፍት መሆኑን አመልክተው፣ ሕዝቡ በጠላቱ ላይ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አጥብቀው አስጠነቀቁ።

ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ከዚያ በላይ ሚያዝያ 27 የድል በዓል ሆኖ በየዓመቱ ተከበረ። ሃያኛው ዓመት የዋለው በ1953 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዕለት አለን ሼፐርድ የተባለው አሜሪካዊ ለሩብ ሰዓት ያህል ወደ ጠፈር ወጥቶ ተመለሰ። በ1937 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ደግሞ በሆላንድ አገር የነበረው የጀርመን ጦር አዛዥ ስለ መማረክ ንግግር የተቀመጠበት ዕለት ስለ ሆነ፣ ሆላንዳውያን እስከ ዛሬ የነጻነት በዓላቸውን የሚያከብሩት ከእኛ ጋራ በአንድ ቀን ነው። አዲስ አበባ ያለው የኔዘርላንድ ኤምባሲና የእኛ መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ቢዘጉ፣ ምክንያታቸው ሁለት ሆኖ ጠባዩ አንድ ነው።

ወደ ቀኑ መለወጥ ደግሞ እንለፍ። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈንድቶ ዘውዱ ከወረደ በኋላ የደርግ መንግሥት የበዓላቱን ዝርዝር እንደ ገና ተመለከተ። የንጉሡ መግቢያ ቀን የአገር የድል ቀን መሆን የለበትም ተባለና፣ የድል በዓል ከሚያዝያ 27 ተነሥቶ ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ። የተሰጠውም ምክንያት አዲስ አበባ ከፋሽስት እጅ ነጻ የወጣችው በዚያ ቀን ነው የሚል ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ከላይ ተናግረነዋል። ነገር ግን ሁለት ነገር መርሳት አይገባም። አንደኛ፣ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ የገባው ጦር የእንግሊዝ መንግሥት ጦር እንጂ የኢትዮጵያ ጦር አልነበረም። ሁለተኛ፣ ከንጉሡ ለመሸሽ ተብሎ የተመረጠው ቀን ራሱ ንጉሡ ደብረ ማርቆስ የገቡበት ቀን ነው። ከአንዱ የንጉሥ መግቢያ ሸሽቶ ከሌላው የንጉሥ መግቢያ ላይ ዐረፈ ማለት ነው። ይህን ሲወስኑ የነበሩ ሰዎች ነገሩን ያውቁት እንደ ነበረ ለመጠየቅ ብችል ደስ ባለኝ ነበር።

በዓለም ዘንድ ደግሞ ያ እሑድ በሌላ ነገር ይታወቃል። አፕሪል 6 ቀን 1941 የሂትለር ጦር ዩጎዝላቭያንና ግሪክን የወረረበት፣ ቤልግራድም በአውሮፕላን ቦምብ የተቃጠለችበት ዕለት ነው። ስለዚህ በማግሥቱ የኤውሮፓ ጋዜጦች ዋና ወሬ አዲስ አበባ ልትሆን አልቻለችም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ፤ ስሙም የአርበኞች የድል በዓል ተባለ። የስሙን ነገር ልብ በሉ፤ ቀኑ የንጉሡ መግቢያ ሆኖ ሳለ ስሙ ለአርበኞች ተሰጠ። ይህ ማስታረቂያ መልካም መስሎ ይታየኛል። ነገር ግን በዲማና በቢቸና ዙሪያ ላሉ ሰዎች ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የዚያ አገር ትልቁ አርበኛ በላይ ዘለቀ ከድሉ በኋላ በመንግሥት ላይ ሸፍተዋል ተብለው ተይዘው፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጡ። ከድሉ እስከ ስቅላቱ አራት ዓመት አልሞላም። ሚያዝያ 27 በመጣ ቍጥር የከተማው ሰው የንጉሡን መግባት ሲያስብ፣ የቢቸና ሰው የሚያስበው ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ለሁሉም አንድ ዐይነት አይሆንም።

አሁን ደግሞ ደብዳቤ በሁለት አቈጣጠር ለሚጽፈው አንባቢ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ሜይ 5 የሚባለውን ቀን በፈረንጆች መጽሐፍ ብትፈልጉ ብዙ ታሪክ ታገኛላችሁ። ናፖሊዮን በሴንት ሄለና ደሴት የሞተው ሜይ 5 ቀን 1821 ነው። ካርል ማርክስ ትሪር በተባለችው ከተማ የተወለደው ሜይ 5 ቀን 1818 ነው። ሜክሲኮዎች በጄኔራል ሳራጎሳ መሪነት ፑዌብላ ላይ የፈረንሳይን ጦር ያሸነፉት ሜይ 5 ቀን 1862 ነው፤ ይህም ድል ወራሪን ከመመከት አንጻር ከእኛ ታሪክ ጋራ የሚመሳሰል ስለ ሆነ «በሚያዝያ 27 ቀን የሆነ» ብሎ ለመጻፍ እጅ ይቸኵላል። እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው ግን ይሳሳታል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በእኛ አቈጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ ይህ ሥርዐት ከቶ አይቋረጥም። ጎርጎርዮሳዊው የፈረንጆች አቈጣጠር ግን በመቶ የሚያልቀው ዓመት ለአራት መቶ ካልተካፈለ በቀር ፌብሩዋሪን 29 አያደርገውም። እ.ኤ.አ. 1900 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ስለዚህ በዚያ ዓመት፣ በእኛ 1892 ዓ.ም.፣ ሁለቱ አቈጣጠሮች በአንድ ቀን ተራራቁ። ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ሚያዝያ 27 ሜይ 4 ላይ ይውል ነበር፤ ሜይ 5 ላይ መዋል የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ናፖሊዮን የሞተው፣ ማርክስ የተወለደው፣ ፑዌብላም የተዋጋችው በእኛ ቈጠራ ሚያዝያ 28 ቀን ነው። የማርክስን ትምህርት ይከተል የነበረው ደርግ የማርክስ ልደት በፈረንጅ አቈጣጠር የሚውልበትን ቀን ከበዓላት ዝርዝር ማውጣቱም ሳያስፈግግ አይቀርም። የሠራተኞች በዓል መነሻ የሆነው የቺካጎ ሠራተኞች የሥራ ማቆም ጥሪም በሜይ 1 ቀን 1886 ሲደረግ፣ በዲማ የጊዮርጊስ በዓል አልፎ ሚያዝያ 24 ሆኖ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሰውን የሚያደናግረው የዐድዋ ቀን ነው። የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ የኤውሮፓ የታሪክ መጻሕፍት ግን የዐድዋ ጦርነት የተደረገው ማርች 1 ቀን 1896 ነው ይላሉ። ይህን ያየ አንድ ጓደኛዬ መጽሐፉ ተሳስቷል ብሎ በእርሳስ ሰርዞ አርሞት አይቻለሁ። መጽሐፉ ግን አልተሳሳተም። በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 የዋለው በእርግጥ ማርች 1 ላይ ነበር፤ ከ1892 በኋላ ነው ወደ ማርች 2 የተሸጋገረው። በእኛ በኩል ቀኑ ምንጊዜም አልተናወጠም፤ በዐድዋ ዕለት የጊዮርጊስ ቀን ነበር፣ ዛሬም የጊዮርጊስ ቀን ነው። የሚቀጥለው ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2100 ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ሚያዝያ 27 ሜይ 6 ላይ ይውላልና ከሆላንዶች ጋራ ያለን የበዓል ዝምድና ያበቃል። ያን ጊዜ ደብዳቤ የሚጽፉት ባልደረቦቻችን ከአሁኑ ይጠንቀቁ።

በመጨረሻ ወደ ዲማ ተማሪ እንመለስ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ተወልደው፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ካደጉ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊውን ትምህርት ተማሩ። ጦርነቱ ሲነሣ ከራስ እምሩ ጋራ በሽሬ ግንባር ተሰለፉ። ሠራዊቱ ተፈትቶ ራስ እምሩ ወደ ጎጃም፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካፈገፈጉ በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋራ ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። በባዕድ አገር እስር ቤትና ደሴት ሰባት ዓመት ያህል ቈዩ። ያን የጦርነትና የእስር ዘመን በኋላ ትዝታ በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል።

እንግዲህ ያን ሰኞ አስቡት። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ መድፍና እልልታ ሲሰማ፣ የጎጃም አርበኛ ጠጕሩን አጐፍሮ ከንጉሡ ኋላ ሲከተል፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በጠላት አገር እስረኛ ነበሩ። ራስ እምሩም እንዲሁ። ጎንደር ላይ የነበረው የኢጣልያ ጦር ገና አልተማረከም ነበር፤ የተማረከው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ለሐዲስ ነጻነት የመጣው ከዚያም በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ኢጣልያ አገር ራሷ ከገባ በኋላ ነው። በበዓላት ዝርዝር ላይ ያን ቀን የሚያሳይ ምንም ምልክት የለም። በልጅነታቸው በተማሩበት በዲማ ግን ያን ሰኞ፣ የጊዮርጊስ በዓል ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ የተገለጠው የስንክሳር ገጽ የሰማዕቱ የፊቅጦር ገጽ ነበር።